ሣር ውስጥ የምትኖረው ምቢላ

በበቆሎ ማሳ ዳር የሚበቅለውን ሣር ሰው የሚያየው ሊያጭደው ወይም ሊያርመው ሲያስብ ነው። የእኔ ዓይን ግን ከበቆሎው ይልቅ ወደዚያ ሣር መሄድ ከለመደ ቆይቷል። ምክንያቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ፈዛዛ ቢጫ መልክ ያላት፣ ግንባሯ ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ፍጥረት ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሲካዱሊና ምቢላ ነው። ወገኗ ቅጠል ዘላይ ነው፤ ጥጥ የሚያለሙ ሰዎች ጃሲድ የሚሏቸው ተባዮችም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። እዚህ ባጭሩ ምቢላ እላታለሁ።

ስለ ምቢላ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ስሟን ከአንድ በሽታ ነጥሎ አያገኘውም፤ የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስ። በሽታው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የበቆሎ ገበሬን ከሚያስጨንቁት የቫይረስ በሽታዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀስ ነው፤ በእኛም አገር በጋምቤላ ቆላ ይታወቃል። ከተክል ወደ ተክል የምታደርሰው እሷና የቅርብ ዘመዶቿ ናቸው። ይህ የማይካድ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ዝርያው በሙሉ በአንድ ፍርድ ተጠቃሎ መቅረቱ ነው። ከአንድ እናት ከተወለዱት መካከል አንዷ ቫይረሱን ትሸከማለች፣ ሌላዋ ዕድሜ ልኳን ከታመመ ተክል ብትመገብም አታስተላልፍም። አንዷ ከተወለደችበት ሣር እልፍ አትልም፣ ሌላዋ ነፋስ ላይ ወጥታ ርቃ ትሄዳለች። ስለዚህ ልዩነት መጻፍ ከፈለግሁ ቆየሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሷን ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይደለም። ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ብርዱ ገና ስላልለቀቃት አትቸኩልም። የሣሩን አገዳ በዝግታ ወደ ራስ ጠጋ አድርጎ አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ ሌንስ ማየት ነው። መጀመሪያ የምታደርገው መዝለል አይደለም። ፊቷን ሳታዞር ወደ ጎን ትራመድና ከአገዳው ጀርባ ትሰወራለች። አገዳውን ሲያዞሩት እሷም አብራ ትዞራለች። በዚህ መካከል ሌንሱ ሥር ለአፍታ ከቆመች የኋላ እግሯ ቅልጥም ላይ ተሰልፈው የቆሙ ቀጫጭን እሾሆች ይታያሉ፤ ከ20 ሺህ በላይ ዝርያዎች ያሉትን ይህን ቤተሰብ ከሌሎች ዘላይ ነፍሳት ለመለየት አስተማማኙ ምልክት ይህ ረድፍ ነው። ክንፎቿ ጀርባዋ ላይ እንደ ቤት ጣራ ጋደል ብለው ተከድነዋል፤ ብርሃን ሲያልፍባቸው ቢጫ ሆዷ በውስጣቸው ይታያል። ጣት ትንሽ ሲቀርባት ዝላዩ ይመጣል። መነሳቷን ዓይን አያየውም፤ የሚያየው ቦታው ባዶ መሆኑን ብቻ ነው።

የዚህ ዝላይ ኃይል ያለው እግሯ ውስጥ ሳይሆን ደረቷ ውስጥ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ማልኮም በሮውስ የተለያዩ ቅጠል ዘላዮችን በከፍተኛ ፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ተከታትሎ በ2007 ባሳተመው ጥናት ሁለቱ የኋላ እግሮች እኩል ተዘርግተው ነፍሳቷን ወደ አየር የሚወረውሯት በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ መሆኑን አሳይቷል።

ምግቧ የሣር ፈሳሽ ነው። አፏ ከፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ጥቅል ነው። ስትወጋ የምትለቀው ምራቅ በመርፌዎቹ ዙሪያ እየረጋ ሽፋን ይሠራል፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ መርፌዎቿን እየገፋች ቅጠሉ ውስጥ ስኳር የሚጓጓዝበትን ቧንቧ፣ ፍሎኤምን፣ ታገኛለች። ፍሎኤም ስኳር ሞልቶታል። ሥጋ የሚገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ግን በጣም ያንሱታል። ስለዚህ በቂ አሚኖ አሲድ ለማግኘት ብዙ ስኳር መምጠጥ አለባት፤ የተረፈውን ጣፋጭ ጠብታ አድርጋ ታስወግደዋለች። እንዲህም ሆኖ የጎደለው አይሞላም።

የሚሞላላት ከሌላ ቦታ ነው። ሆዷ ውስጥ ለብቻቸው በተዘጋጀ አካል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። የምቢላ የቅርብ ዘመድ በሆነ ማክሮስቴለስ በሚባል ቅጠል ዘላይ ላይ በ2013 የታተመ የጂኖም፣ ማለትም የሙሉው የዘር መረጃ፣ ጥናት ሥራቸውን በዝርዝር አሳይቷል። ሁለት ናቸው፤ ሱልሲያ እና ናሱያ። እንስሳ ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው አሥር አሚኖ አሲዶች ስምንቱን ሱልሲያ ትሠራለች፣ ሁለቱን ናሱያ። የናሱያ ጂኖም 112 ሺህ ቤዝ (የዲ ኤን ኤ ፊደል) ገደማ ብቻ ነው፤ ጥናቱ ሲወጣ ከሚታወቁት የባክቴሪያ ጂኖሞች ሁሉ ትንሹ ነበር። ለብቻቸው ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን አብዛኛውን ነገር ጥለው፣ ለባለቤታቸው የሚሠሩትን ግን ይዘው ቀርተዋል። እናት እነዚህን ባክቴሪያዎች በእንቁላሉ ውስጥ ለልጆቿ ታወርሳለች። ይህን ያዙልኝ፤ ቫይረሱ ጋ ስንደርስ ይፈለጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ዱቄታቸው ነው። ቅጠል ዘላዮች ቅርፊታቸውን ለውጠው ሲጨርሱ ከኋላቸው ጠብታ ያወጣሉ። ያንን ጠብታ በእግራቸው ወስደው ሰውነታቸውን ይቀባሉ፤ ሲደርቅ ደግሞ በእግራቸው እሾህና ፀጉር እያበጠሩ ክንፍ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ጀርባ ላይ ያዳርሱታል። በሌንስ ሲታይ ራሷን እያጸዳች ይመስላል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት ዲያሜትሩ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ፣ ውስጡ ክፍት፣ ዙሪያውን አምስትና ስድስት ማዕዘን ባላቸው ቀዳዳዎች የተሸነቆረ ኳስ ነው። ብሮኮሶም ይባላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1952 ነው። የሚመረተው ማልፒጊ ቱቦ በሚባለው፣ በሌሎች ነፍሳት ዘንድ የኩላሊት ሥራ በሚሠራው አካል ውስጥ ነው። ቆሻሻ ማጣሪያ የነበረ አካል እንዲህ ያለ ጥበብ መሥሪያ ሆኗል! ብሮኮሶም የለበሰ ሰውነት ውሃ አያርሰውም። ለጤዛ ጠብታ እንኳ ክብደቷ ኢምንት ለሆነ ፍጥረት ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። የራሷ ጣፋጭ ጠብታም እንዲሁ አይጣበቅባትም።

ወንዱና ሴቷ የሚገናኙት በድምፅ ነው፤ ግን ለእኛ ጆሮ የሚሆን ድምፅ አይደለም። ሆዱን ሲያንቀጠቅጥ ንዝረቱ በእግሩ በኩል ወደ አገዳው ይገባል፣ በአገዳው ይጓዛል፣ እዚያው ተክል ላይ ያለች ሴት በእግሯ ትሰማዋለች፤ ትመልስለታለችም። ከውጭ ለሚያይ ሣሩ ዝም ያለ ነው።

ሴቷ እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ አትጥልም፣ ቅጠሉ ውስጥ ትሰነቅረዋለች። ከዚያ የሚፈለፈለው ግልገል ክንፍ የለውም፤ አምስት የዕድገት ደረጃዎችን አልፎ፣ በየደረጃው ቅርፊቱን እየጣለ፣ በመጨረሻ ክንፍ ያወጣል። በሞቃት ወቅት ነገሩ ሁሉ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ሲበርድ ይረዝማል። ለመራባት የሚስማሟት በዝናብ በቅለው በዓመቱ የሚደርቁ ሣሮች ናቸው፤ የዳጉሳ የዱር ዘመዶች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ።

አሁን ወደ ቫይረሱ። ሱልሲያና ናሱያ በእንቁላል ይወረሳሉ ብያለሁ። የስትሪክ ቫይረስ ግን በእንቁላል አያልፍም። እናቷ ቫይረስ ተሸካሚ ብትሆንም እያንዳንዷ ምቢላ የምትወለደው ንጹሕ ሆና ነው። በሽታውን የምታገኘው ከታመመ ተክል ስትመገብ ብቻ ነው። ቫይረሱ ውስጧ ገብቶም አይራባም። አንዴ ካገኘችው ግን እስክትሞት ድረስ ከእሷ ጋር ይኖራል።

ይህንን ሁሉ ለማወቅ የተሄደበት መንገድ ከሳይንስ ታሪኮች ሁሉ በጣም የምወደው ነው። በሽታውን በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው በደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ የመንግሥት የነፍሳት ባለሙያ የነበረው ክሎድ ፉለር ነው። መንስኤው አፈሩ ነው ብሎ አሰበ። ምልክቱን ላየ ሰው ይህ ሩቅ ግምት አይደለም። መጀመሪያ በለጋው ቅጠል ላይ ትንንሽ ክብ የነጡ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ቀጥለው የሚመጡት ቅጠሎች በቅጠሉ ጅማት አቅጣጫ በተሰበረ ቢጫ መስመር ይሞላሉ። ከበሽታው በፊት የወጡት የታች ቅጠሎች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። ገና በቡቃያነቱ የተያዘ በቆሎ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ፍሬም ላይዝ ይችላል። ነፍሳቷ ግን ቅጠሉን አልበሳችውም፣ አልበላችውም፤ ምልክቱ ሲወጣም እሷ ከሄደች ቀናት አልፈዋል። ማን ይጠረጥራታል?

የጠረጠራት ሃሮልድ ሄይደን ስቶሪ ነው። ምቢላ የራሷ ሳይንሳዊ ስም በወጣላት በዓመቱ፣ በ1925፣ በሽታውን የምታስተላልፈው እሷ መሆኗን አሳተመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራውን ጨረስኩ ይል ነበር። ስቶሪ ግን ሙከራዎቹ ውስጥ የማይገጥም ነገር አየ። ሁሉም ምቢላዎች ከታመመ በቆሎ እኩል ተመግበው አንዳንዶቹ በፍጹም አያስተላልፉም። ይህንን እንደ ሙከራ ስህተት ቆጥሮ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን የሚያስተላልፉትን ለብቻ፣ የማያስተላልፉትን ለብቻ እያራባ ትውልድ በትውልድ ተከታተላቸው። በዛሬዋ ታንዛኒያ በሚገኘው በአማኒ የምርምር ጣቢያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1932፣ ውጤቱን አወጣ። የማስተላለፍ ችሎታ በአንድ ጂን ይወረሳል፤ ጂኑም ከፆታ ጋር የተያያዘ ነው። አስተላላፊ አባት ከማታስተላልፍ እናት ሲወልድ ሴት ልጆቹ አስተላላፊ ይሆናሉ፣ ወንዶቹ አይሆኑም። ሦስት ሚሊ ሜትር በምትሆን ፍጥረት ውስጥ፣ ዲ ኤን ኤ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ከመታወቁ ሃያ ዓመት በፊት፣ ይህንን ለየ።

ቀጣዩ ሙከራው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ስቶሪ የማያስተላልፉትን ወስዶ ሆዳቸውን በቀጭን መርፌ ወጋ። የተወጉት ከታመመ ተክል ሲመገቡ ማስተላለፍ ጀመሩ። በ1933 የታተመው ይህ ሙከራ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ቫይረሱ በማያስተላልፉትም ሆድ ውስጥ አለ፤ የሚያግደው የአንጀታቸው ግድግዳ ነው። በአስተላላፊዎቹ ውስጥ ግድግዳውን አልፎ ወደ ደማቸው፣ ከደማቸው ወደ ምራቅ ዕጢያቸው ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ውግ ከምራቁ ጋር ቅጠል ውስጥ ይገባል። በሌሎቹ ግን አንጀት ውስጥ እንደገባ ይቀራል። መርፌው የከፈተው ቀዳዳ ጂኑ ያላደረገውን አደረገ። እኔ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር የማስበው ስለ እጁ ነው። የሩዝ ፍሬ እንኳ የማታክል ሕይወት ያላትን ፍጥረት ሳይገድል መውጋት፣ ከዚያ ተክል ላይ አስቀምጦ እንድትመገብ መጠበቅ! ከዘመዶቿ አንዷ ዛሬ ሲካዱሊና ስቶሬይ ተብላ ትጠራለች፤ የሚገባው ክብር ነው።

ቫይረሱ ራሱ ለዓይን የታየው በጣም ዘግይቶ ነው። በ1970ዎቹ ከታመሙ ተክሎች ሲጣራ፣ ቅንጣቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጣበቁ መሆናቸው ታየ፤ ውስጣቸው ያለውም ከ2,700 ቤዝ ትንሽ ያነሰ፣ ክብ ሆኖ የተገጠመ ነጠላ የዲ ኤን ኤ ክር ነው። የዕፅዋት ቫይረስ አብዛኛው አር ኤን ኤ በሆነበት ዓለም ይህ አዲስ ነገር ነበር።

ስለ ቫይረሱ አመጣጥ ማሰብ ግን ሣሩን በሌላ ዓይን ያሳያል። በቆሎ የአፍሪካ ተክል አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣው ከ1500 ወዲህ ነው። ምቢላም፣ ቫይረሱም፣ ሣሩም ግን እዚሁ ነበሩ። የስትሪክ ቫይረስ ብዙ ዓይነት አለው፤ አብዛኞቹ በዱር ሣሮች ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ በቆሎን ክፉኛ የሚያጠቃው አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። የጂኖም ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ዓይነት የተፈጠረው የሣር ቫይረሶች አንድ ተክል ውስጥ ተገናኝተው ዲ ኤን ኤያቸውን በማዳቀላቸው ነው፤ ጊዜውንም 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ቦታውንም ደቡባዊ አፍሪካ ያደርጉታል። እንግዲህ አዲስ መጤው በቆሎው ነው። ሣር ላይ የነበረ የቆየ ኑሮ በመካከሉ ለቫይረስ የተመቸ፣ ሰፊ፣ አንድ ወጥ ተክል ተዘርቶበት አገኘ። ይህንን ስል የተጎዳውን ገበሬ እየረሳሁ አይደለም፤ ቡቃያው የነጣበት ሰው ኪሳራው እውነተኛ ነው። ሣሩን አቃጥሎ መገላገል ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ግን ይህ ታሪክ አይደግፈውም።

የበሽታው መምጣት ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ በረራዋ መሄድ ያስፈልጋል። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ሮዝ የተባለ ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው ጥናት የእነዚህ ቅጠል ዘላዮች ሕዝብ በበረራ ችሎታው የተለያየ መሆኑን አሳየ። ሣሩ ለምለም በሆነበት ወቅት አብዛኞቹ ሰውነታቸው ረዘም ያለ፣ ከተክል ተክል በአጭር በአጭሩ የሚዘሉ ናቸው። ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ግን ሰውነታቸው አጠር ያለ፣ ለረጅም ጊዜ መብረር የሚችሉ ይበዛሉ። ዝርያው ያው ነው። ጉዞው የሚጀመረው ሣሩ ሲከዳቸው ነው። በዚያን ጊዜ በመስኖ የለመለመ ስንዴ ወይም ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ካገኙ እዚያ ያርፋሉ፤ ከዝናብ እስከ ዝናብ ያለውን ክፍተት እዚያ ይሻገራሉ።

ቀድሞ በተዘራና ዘግይቶ በተዘራ በቆሎ መካከል አሥር ሜትር የሚሆን ባዶ መሬት መተው ይጠቅማል የሚለው ምክር ከዚህ ዕውቀት የመጣ ነው። በአጭር በአጭሩ ለሚዘሉት አሥር ሜትር ሩቅ ነው። ለበራሪዎቹ ግን ምንም አይደለም፤ ለእነሱ የሚሠራው ሌላው ምክር ነው፤ አዲስ በቆሎን ከቆየ የእህል ማሳ በነፋሱ መሄጃ በኩል አለመዝራት። አንድ ዝርያ ነው ብሎ አንድ መከላከያ ያዘጋጀ ሰው ግማሹን ብቻ ይከላከላል።

ናይጄሪያ፣ ኢባዳን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሄደበት መንገድ ደግሞ ስቶሪን በቀጥታ የሚያስታውስ ነው። በሽታን የሚቋቋም በቆሎ ለመምረጥ ሁሉም ቡቃያ በእርግጠኝነት መለከፍ አለበት፤ አለበለዚያ የቋቋመውን ካመለጠው መለየት አይቻልም። ስለዚህ የምቢላን ወገኖች በብዛት ማራባት ግድ ሆነ። ከእነሱም ጥሩ አስተላላፊ የሆኑት እየተመረጡ በዘንጋዳ መሰሉ የፐርል ሚሌት ቡቃያ ላይ ተራቡ፣ ከታመመ በቆሎ እንዲመገቡ ተደረገ፣ ከዚያም ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በእያንዳንዱ ቡቃያ እምብርት ላይ ተለቀቁ። በአስተላላፊና በማያስተላልፍ መካከል ያለው ያ የድሮ ልዩነት ባይታወቅ ኖሮ ይህ ሥራ ባልተቻለ። ተቋሙ በዚህ ውጤቱ በ1986 ለግብርና ምርምር ይሰጥ የነበረውን የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት አገኘ።

ከዚያ ሥራ የተገኙት በቆሎዎች ቫይረሱን ጨርሰው አይከለክሉም። ቅጠላቸው ላይ አልፎ አልፎ ስስ መስመር ይታያል፣ ፍሬ ግን ይይዛሉ። ምቢላንም አያባርሯትም። ታርፍባቸዋለች፣ መርፌዋን ታስገባለች፣ ስኳሩን ትመጥጣለች፤ ዝናቡ ሲመጣና ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ወደ ሣሯ ትመለሳለች።